ከቀለሙ በፊት ምድቡ፦ የኢሉባቦርን የቡና ዋጋ በግራፍ ስለማሳየት

ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለተጋባዥ እንግዶች በመቱ የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል





የምናገርበት ጉዳይ ከሩቅ ሲያዩት አነስተኛ ይመስላል። በምድብ የተከፋፈለ የዋጋ መረጃን በቀለም በተለየ ግራፍ ማሳየት፣ ብዙዎች የኮምፒውተር ሥራ አድርገው ይቆጥሩታል። ተማሪው የመቱን፣ የጎሬን፣ የሁሩሙንና የበደሌን ዋጋ ሰብስቦ፣ አስልቶ፣ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ግራፉን በመጨረሻው ሌሊት ይሠራል፤ ቀለሙንም ሶፍትዌሩ ይመርጥለታል። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ይህ ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ መሆኑን ነው። ቀለም የመጨረሻው ውሳኔ ነው። ከእርሱ በፊት ማን ከማን ጋር ይመደብ የሚል ሌላ ውሳኔ አለ፤ የማን ዋጋ እንደሚታይና የማን ዋጋ በሌላው ውስጥ እንደሚዋጥ የሚወስነውም ይኸው ነው። ምድቡ ከተሳሳተ ቀለም ስሕተቱን ያደምቀዋል እንጂ አያርመውም።

ምሳሌዬን ከቡና እወስዳለሁ። በኢሉባቦር የቡና ዋጋ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ፣ የልጅ የትምህርት ወጪ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ የዋጋው ሥዕል ሲዛባ ጉዳቱ በወረቀት ላይ አይቀርም።

የዋጋ ግራፍ ገና ሲወለድ ከምድብና ከቀለም ጋር ነበር። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1786 ባሳተመው የንግድና የፖለቲካ አትላስ የእንግሊዝን የገቢና የወጪ ንግድ በሁለት መስመሮች ሥሎ፣ በመካከላቸው ያለውን ስፍራ ሚዛኑ ለአገሪቱ ያደላ ወይም ያጋደለ መሆኑን በቀለም ለየ። እ.ኤ.አ. በ1821 ደግሞ የስንዴን ዋጋ በዓምዶች፣ የአንድን ሙያተኛ ሳምንታዊ ደመወዝ በመስመር አድርጎ፣ የነገሡትን ነገሥታት ከበላይ ደረደረ። ከዚህ ሥራ የምንማረው ቁም ነገር ዋጋ ብቻውን ትርጉም እንደሌለው ነው። ስንዴ ተወደደ የሚባለው ከገዢው ደመወዝ አንጻር ነው። ቡና ተወደደ የሚባለውም ከአንድ ነገር አንጻር መሆን አለበት። ያ ነገር ምን እንደሆነ ደግሞ ምደባው ይወስናል።

አሁን ወደ ራሳችን ቡና እንምጣ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በዐዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የቡና ግብይት ወደ እርሱ ገባ። ገበያው ቡናን በውል ስም ይመድባል፤ ስሙም የአካባቢ፣ የዝግጅትና የደረጃ ድምር ነው። በቀደምት የውል ዝርዝሮች የበደሌ፣ የኖጳ፣ የጮራ፣ የያዮ፣ የአሌና የዲዱ ቡና ሳይታጠብ ከቀረበ «ጅማ» በሚለው ስም ሥር፣ ከታጠበ ደግሞ «ሊሙ» በሚለው ስም ሥር፣ ሁለቱም በ«ለ» ምድብ ተቀምጧል። ልብ በሉ፤ ከአንድ ማሳ፣ ምናልባትም ከአንድ ግንድ የተለቀመ ቡና እንደ ዝግጅቱ ሁለት የተለያዩ አገሮች ስም ይዞ ይወጣል፤ ኢሉባቦር የሚለው ስም ግን በሁለቱም ላይ የለም።

ለንግዱ ይህ ምደባ የራሱ ምክንያት አለው። ገዢው የሚፈልገው የጣዕምና የጥራት ተመሳሳይነት ነው፤ ብዙ ትናንሽ ስሞች ግብይቱን ያዘገዩታል። ነገር ግን ለግብይት የተፈጠረ ምድብ ሳይመረመር ለጥናት ምድብ ሲሆን ችግር ይፈጠራል። ተማሪው «የጅማ ቡና» የሚለውን መስመር በአረንጓዴ፣ «የሊሙ ቡና» የሚለውን በሰማያዊ ቀብቶ ሁለት አካባቢዎችን አወዳደርኩ ይላል። በእርግጥ ያወዳደረው በከፊል አካባቢን፣ በከፊል ደግሞ ዝግጅትን ነው። የያዮ ገበሬ በዚያ ግራፍ ላይ በሁለቱም ቀለሞች ውስጥ አለ፤ በአንዱም ግን ራሱን አያገኝም። የያዮ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ደኑን ጠብቆ ቡና የሚለቅም ሰው የተሻለ ዋጋ አግኝቷል ወይ የሚለው ጥያቄ ትልቅ የጥናት ጥያቄ ነው። በውል ስም በተመደበ መረጃ ግን ጥያቄው መልስ አያገኝም፤ ከነጭራሹም አይነሣም።

ከአገር ወጥተን ብናይም ነገሩ ይኸው ነው። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት የዓለምን ቡና ለዋጋ አመልካችነት በአራት ምድቦች ይከፍላል፤ የኮሎምቢያ ለስላሳ፣ ሌሎች ለስላሳዎች፣ የብራዚል ያልታጠበና ሮቡስታ። ኢትዮጵያ የምትመደበው ከብራዚል ጋር ነው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የብራዚልን የቡና ማሳዎች ውርጭ ሲመታና የዓለም ዋጋ ሲያሻቅብ፣ የዚያ ምድብ መስመርም አብሮ ወጣ። ያን መስመር ብቻ የሚያይ ተማሪ የኢትዮጵያን ምርት አንድ ነገር ያገኘው ሊመስለው ይችላል። መስመሩ የሚናገረው ግን በመቱ ዙሪያ ስለወደቀ ዝናብ ሳይሆን ውቅያኖስ ማዶ ስለወረደ ውርጭ ነው።

ምድብ በዘመንም ይለዋወጣል። «ኢሉባቦር» በሚል ስም ረጅም የጊዜ መስመር ለመሥራት የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ የትኛው ኢሉባቦር ብሎ መጠየቅ አለበት። በንጉሡ ዘመን የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ጋምቤላንና ሞቻን ያቀፈ ነበር፤ ጎሬም መናገሻው ነበረች። ዛሬ ደግሞ በደሌ፣ ጮራና ደዴሳ በቡኖ በደሌ ዞን ሥር ናቸው። ስሙ አንድ ሆኖ ስፋቱ ሲለያይ፣ በአንድ ቀለም የተሳለ አንድ መስመር የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ ያስቆጥራል። ከዚህም በላይ ዋጋ የሚከተለው የአስተዳደር ወሰንን ሳይሆን መንገድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል መነሻነት በባሮ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ የጎሬ ቡና ወደ ቆላ ወርዶ ክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር። በዚያን ጊዜ የጎሬ ገበያ ከካርቱም ጋር ይመደብ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። ዛሬ ፊቱ በበደሌና በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ገበያዎችን ስትመድቡ ካርታውን ብቻ ሳይሆን የጭነት መኪናውን መንገድ ተመልከቱ።

ምድብ ሲጠፋ በስሌቱ ላይ ምን እንደሚደርስ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ ብቻ የወሰድኳቸው ናቸው። በአንድ ገበያ አምና የታጠበ ቡና ኪሎው 300 ብር፣ ያልታጠበ 200 ብር ተሸጠ እንበል፤ መጠናቸውም እኩል ነበር። አማካዩ 250 ብር ነው። ዘንድሮ የታጠበው 320፣ ያልታጠበው 220 ብር ሆነ። ሁለቱም በ20 ብር ጨመሩ። ይሁንና ዘንድሮ ከመቶው እጅ 20ው ብቻ ታጥቦ፣ 80ው ሳይታጠብ ለገበያ ቀረበ። አማካዩን አስሉት፤ 240 ብር ነው። የእያንዳንዱ ሻጭ ዋጋ ጨምሮ ሳለ የገበያው አማካይ በ10 ብር ወረደ።

ይህ የሒሳብ ጨዋታ አይደለም። ኤድዋርድ ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ጽሑፍ ከተነተነው ጉዳይ ጋር ዘመድ የሆነ፣ በስታቲስቲክስ የታወቀ ነገር ነው። አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር የቡና ማጠቢያ ጣቢያውን ይጠግን ወይስ ይተው ብሎ ሲመክር፣ ከፊቱ የተቀመጠው በአንድ ቀለም የተሳለ አማካይ መስመር ቢሆን፣ «ገበያው ወርዷል፤ ገንዘባችንን አናፍስስ» ሊል ይችላል። በሁለት መስመር ቢሳል ግን አማካዩን ያወረደው የዋጋ መቀነስ ሳይሆን የታጠበው ቡና ድርሻ መቀነሱ መሆኑን ያያል። አንዱ ግራፍ ጣቢያውን ያዘጋል፤ ሌላው ያስከፍታል። ሁለቱም ከአንድ መረጃ የተሠሩ ናቸው።

ስለዚህ ቀለም ከመምረጣችን በፊት ሦስት ነገሮች ሊስተካከሉ ይገባል።

አንደኛው መስፈሪያው ነው። የኒው ዮርክ ገበያ በፓውንድ የአሜሪካ ሳንቲም ይጠራል፤ ምርት ገበያው በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ግራም፣ ብር ይጠራል፤ ገበሬው እሸቱንም ጀንፈሉንም በኪሎ ይሸጣል። አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ወደ 2 ኪሎ ጀንፈል፣ ወይም ወደ 6 ኪሎ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። አሁንም ለምሳሌ ያህል፣ ጀንፈል በኪሎ 150 ብር፣ እሸት በኪሎ 60 ብር ቢሆን፣ በጥሬው የተሳለ ግራፍ ጀንፈልን ከላይ፣ እሸትን ከታች ያስቀምጣል። ወደ ንጹሕ ቡና ስንለውጠው ጀንፈሉ 300፣ እሸቱ 360 ብር ይሆናል፤ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ያለውን የብር ዋጋ በአንድ መስመር የሚሥል ሰው የቡናን ዋጋና የብርን ዋጋ ቀላቅሎ እየሣለ ነው። ቢያንስ ሁለት ግራፍ ጎን ለጎን ይቀመጥ፤ አንዱ በብር፣ ሌላው በዶላር። ሦስተኛ መጨመር የሚችል ደግሞ አንድ ኪሎ ቡና ስንት ኪሎ በቆሎ ይገዛል የሚለውን ይሣል። ለገበሬው ቤት ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ፕሌይፌር ስንዴንና ደመወዝን ጎን ለጎን ያስቀመጠውም ለዚህ ነበር።

ሦስተኛው ዘመኑ ነው። የአካባቢያችን የቡና ለቀማ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ይዘልቃል። በጎርጎርዮሳዊው ዓመት የተመደበ መረጃ ታኅሣሥ መገባደጃ ላይ ሲቆረጥ አንዱን መኸር ለሁለት ይሰነጥቀዋል። በእኛ በጀት ዓመት፣ ከሐምሌ እስከ ሰኔ፣ ከተመደበ ግን መኸሩ ሳይነካ ይቀመጣል። ወራትን በአምድ የምትደረድሩ ተማሪዎች ጳጉሜንን አትርሱ። የአምስት ወይም የስድስት ቀን ወር እንደ ሠላሳ ቀን ወር እኩል ሣጥን ሊሰጠው አይገባም፤ ከነሐሴ ጋር አጣምሩትና ያንኑ በግራፉ ግርጌ ጻፉ።

አሁን ወደ ቀለሙ ደርሰናል።

ፈረንሳዊው ዣክ ቤርታን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ሥራው ሁለት ነገሮችን ለይቷል፤ የቀለም ዓይነትና የቀለም ድምቀት። ዓይነት፣ ማለትም ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ልዩነትን ይናገራል እንጂ ደረጃን አይናገርም። ሰማያዊ ከአረንጓዴ ይበልጣል ብሎ የሚያምን ዓይን የለም። ድምቀት ግን፣ ከፈዛዛ ወደ ጥቁር፣ ደረጃን ይናገራል። ይህን ለማስረዳት ለእኛ አገር ሰው መጽሐፍ አያስፈልገውም። ቡና ሲቆላ ያየ ሁሉ ፍሬው ከፈዛዛነት ወደ ቡናማ፣ ከቡናማም ወደ ጥቁር ሲሄድ ቁላቱ እየበዛ መሆኑን ያውቃል፤ ማንም መፍቻ አልሰጠውም። እንግዲያው ደንቡ ግልጽ ነው። ምድቦቹ ቅደም ተከተል የሌላቸው ከሆኑ፣ ለምሳሌ ጎሬ፣ መቱና በደሌ፣ የተለያየ የቀለም ዓይነት ስጧቸው። ደረጃ ያላቸው ከሆኑ፣ ለምሳሌ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ዋጋ፣ የአንዱን ቀለም ድምቀት ከፍ ዝቅ አድርጉ። ከአንድ መነሻ በላይና በታች መሆኑ ከተፈለገ፣ ለምሳሌ ከመቱ ዋጋ አንጻር፣ መካከሉ ፈዛዛ ሆኖ በሁለት አቅጣጫ የሚደምቁ ሁለት ቀለሞችን ተጠቀሙ። አሜሪካዊቷ የካርታ ምሁር ሲንቲያ ብሩወር ለእነዚህ ለሦስቱም የሚሆኑ የቀለም ስብስቦችን አዘጋጅታ በነጻ ለሕዝብ አቅርባለች።

ዋጋን በቀለም ደረጃ ስትከፍሉ የደረጃው ወሰንም ራሱ ምደባ ነው። ስድስት ገበያዎች 200፣ 204፣ 206፣ 210፣ 212ና 290 ብር አሏቸው እንበል። ወሰኑን በእኩል ርቀት ብትከፍሉ አምስቱ ገበያዎች በአንድ ፈዛዛ ቀለም ይዋጣሉ፤ አንዱ ብቻ ጠቁሮ ይወጣል። በእኩል ቁጥር ብትከፍሏቸው ደግሞ 212ና 290 አንድ ቀለም ይለብሳሉ፤ የ78 ብር ልዩነት ከዓይን ይሰወራል። ፍጹም የሆነ ወሰን የለም፤ የቱን እንደመረጣችሁና ለምን እንደመረጣችሁት መጻፍ ግን ግዴታ ነው።

ቀለም ስሜትም ያዝላል። በብዙ አገር ቀይ የውድቀት፣ አረንጓዴ የዕድገት ምልክት ነው፤ በቻይና የአክሲዮን ገበያ ግን ቀይ ዕድገት፣ አረንጓዴ ውድቀት ነው። ለቡና ገበሬ ደግሞ ቀይ የደረሰ ፍሬ፣ አረንጓዴ ያልደረሰ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የዋጋ መጨመር በራሱ ደግ ወይም ክፉ አይደለም፤ ለሻጩ እሰየው ነው፣ ቡና ገዝቶ ለሚያፈላው የከተማ ሰው ጭንቀት ነው። ዋጋን በቀይና በአረንጓዴ የሚቀባ ሰው የማንን ወገን እንደያዘ ሳይናገር ፍርድ ሰጥቷል። በተጨማሪም ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ዓይኖች ጥቂት አይደሉም፤ የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12ቱ አንዱ ገደማ ቀለም የመለየት እክል አለበት፤ በሌሎች ሕዝቦች መጠኑ ቢያንስም የለም ማለት አይቻልም።

ሌላም ተግባራዊ ነገር አለ። የምረቃ ጽሑፋችሁ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በጥቁርና በነጭ ይሠራጫል። ያኔ ቀዩና አረንጓዴው አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ፤ ምድባችሁም ይጠፋል። ግራፉን ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ጊዜ በጥቁርና ነጭ አትሙት። መስመሮቹን አሁንም መለየት ከቻላችሁ መልካም ነው። ካልቻላችሁ የገበያውን ስም በየመስመሩ ጫፍ ላይ ጻፉ፤ አንባቢው በመፍቻውና በመስመሩ መካከል ሲመላለስ እንዳይደክም። ምድቦቹ ከአምስትና ከስድስት ከበለጡ አንድ ላይ አትከምሯቸው፤ እንደተወታተበ ፈትል ጫፋቸው አይገኝም። ለእያንዳንዱ ገበያ አነስተኛ ግራፍ ሠርታችሁ፣ ልኬቱን አንድ አድርጋችሁ ጎን ለጎን ደርድሯቸው። ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማጊል እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረቡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሰው መጠንን በትክክል የሚገምተው በአንድ ልኬት ላይ ካለ ቦታ እንጂ ከቀለም ጥላ አይደለም።

በመጨረሻም ባዶውን ስፍራ አክብሩት። ከመኸር ውጭ ባሉ ወራት በአንዳንዱ ገበያ እሸት ቡና ጨርሶ አይሸጥም። ያን ወር በዜሮ መሙላት ውሸት ነው፤ ሁለቱን ጫፎች በመስመር ማገናኘትም ያልተደረገ ግብይትን እንደተደረገ ማስመሰል ነው። መስመሩ ይቆረጥ፤ ሣጥኑም ነጭ ሆኖ ይቅር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1051/2009 አቅራቢና ላኪ በቀጥታ የሚገበያዩበትን መንገድ ስለከፈተ፣ የምርት ገበያው ዋጋ ከዚያ ወዲህ የሚወክለው ቀድሞ ይወክል የነበረውን ሁሉ አይደለም። ይህም በግራፉ ላይ በአንድ ቀጭን ቋሚ መስመር ሊመለከት ይገባል።

ውድ ተማሪዎች፤ ቀለም በቋንቋችን የትምህርትም ስም ነው፤ ፊደል የቆጠረን ሰው ቀለም የገባው እንላለን። ከእናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በምታቀርቡት የዋጋ ግራፍ ሥር ምድቡን የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፤ በዚህ ቀለም ውስጥ የትኞቹ ወረዳዎች፣ የትኛው ዝግጅት፣ የትኛው መስፈሪያ፣ የትኛው ዘመን እንዳሉ ይናገር። ከዚህም ጋር ያልተጠቀለለውን መረጃ በሰንጠረዥ አያይዙ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣ ሰው ምድባችሁን ፈትቶ ሌላ ምድብ እንዲሠራበት። መምህራን ባልደረቦቼንም ጽሑፍ ስትመዝኑ ይህችን አንቀጽ ፈልጉ እላለሁ። የኖጳና የዲዱ ገበሬ የሸጠበት ዋጋ በሌላ አገር ስም ተጠቅልሎ ሲያልፍ፣ ቢያንስ በእኛ ፋኩልቲ መዝገብ ውስጥ በራሱ ስምና በራሱ ቀለም ይገኝ።